ገመድ ጉተታ የገለጠው ጉድ

የዛሬው የሶሻል ሳይኮሎጂ ክፍለ ጊዜ በጨዋታ አለቀ። መጀመሪያ ገመድ ጉተታ። ሁሉም ፊቱን አኮሳትሮ ያቃስታል። ከፊቴ ያለው ልጅ ግን ገመዱን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው የነካው! ጩኸቱ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል።

ለካ ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በቡድን ሲጎትት የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ሆኖ ከሚያወጣው እንደሚያንስ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ቅንጅት ማጣት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም። ሌላው ልግመት ነው። በ1974 የወጣ ጥናት ሁለቱን ለያቸው። ተሳታፊው ዓይኑ ተሸፍኖ ብቻውን ይጎትታል፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች አብረውት የሚጎትቱ ግን ይመስለዋል። እንዲያም ሆኖ ጉልበቱ ቀነሰ።

ከዚያ በዕጣ ቀይና ሰማያዊ ተብለን ተከፈልን። ብዙም ሳይቆይ «እነዚያ ቀዮቹ ያጭበረብራሉ» ተጀመረ። ወረቀት ነው እኮ ያወጣነው! የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታይፈል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳየው ይህንኑ ነው። በማይረባ ምክንያት የተከፈሉ ልጆች ለራሳቸው ቡድን አደሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ አንዳንዴ ከሌላው ቡድን በልጦ ለመታየት ሲሉ የራሳቸው ቡድን ትንሽ ቢያገኝም ግድ አልነበራቸውም።

በሚቀጥለው የሰለሞን አሽ የመስመር ሙከራ አለ ተብሏል፤ ሰው የመስመሮችን ርዝመት ሲያወዳድር የሌሎችን የተሳሳተ መልስ ይከተል እንደሆነ የሚፈትነው። ሆን ብለው ከሚሳሳቱት አስመሳዮች መካከል አስገቡኝ ብዬ ከወዲሁ ተመዝግቤያለሁ።