የስቲሙለሱ ዘመንና የሹፌሮች ሒሳብ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲ፣ ሊሞና ኡበር የሚነዳው አበሻ ስንት እንደሆነ ለምታውቁት አልነግራችሁም። እኔም አንዱ ነኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ እንጀራዬ ኤርፖርት ላይ ነው። ማርች 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት ያ እንጀራ ቆመ። በመላ አሜሪካ በቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ በፍተሻ ያልፍ የነበረው፣ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ከ90 ሺህ በታች ወረደ። ተራ ይዘን የምንጠብቀው መንገደኛ ሳይሆን ወሬ ሆነ።

ወሬው ደግሞ ስለ ገንዘብ ነው። ማርች 27 ኬርስ አክት የተባለው ሕግ ተፈረመ። ለአዋቂ 1,200 ዶላር፣ ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 500። በዓመት ከ75 ሺህ በታች የሚያገኝ ሙሉውን ይወስድ ነበር። ስቲሙለስ የምንለው ይሄንን ነው፤ ይሄኛው አላስቸገረም። ታክስ ያሠራና የባንክ ቁጥሩን የሰጠ ሰው፣ ማንንም ሳይለምን አካውንቱ ውስጥ አገኘው። በፖስታ ቼክ የመጣለት ደግሞ የትራምፕን ስም ከነቼኩ አየ።

አገር ቤት ያሉት ከኛ ቀድመው ሰምተዋል። «መንግሥት ብር እየረጨላችሁ ነው አሉ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ እህቴ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ገብቶኛል። ላክሁላት፤ ምን አደርጋለሁ። እዚያም እኮ ሥራ ቆሟል፣ ስቲሙለስ የሚባል ነገር ግን የለም።

ከባዱ አንኢምፕሎይመንት፣ ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው ድጎማ ነበር። ድሮ ለኛ ለሹፌሮች አይገባንም፤ የራሳችን አለቃ ነን ተብለናልና። ኬርስ አክት ፒዩኤ የሚባል አዲስ መስመር ከፈተና እኛንም አስገባን። በዚያ ላይ እስከ ጁላይ መጨረሻ በየሳምንቱ 600 ዶላር ጭማሪ ነበረው። ግን ማመልከቻው የተሠራው አለቃ ላለው ሰው ነው። «የመጨረሻው ቀጣሪዎ ማን ነው?» ይላል። ማን ልበል? መጀመሪያ በመደበኛው አመልክተህ አይገባህም መባል ነበረብህ፤ ከዚያ በኋላ ነበር ወደ ፒዩኤ የምትተላለፈው። የመከልከያው ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ ቁጭ አለ። ለካ ደብዳቤው መግቢያው ነው! ይህን የነገረን መሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ስልኩን ማን ያነሳልሃል። የነገረን ቀድሞን የተከለከለ ጓደኛ ነው።

እምቢ ያሉም ነበሩ። ያን ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በመንግሥት ድጋፍ የሚኖር ሰው ግሪን ካርድ ይከለከላል የሚል ጥብቅ ደንብ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። አንኢምፕሎይመንት እዚያ ውስጥ አይቆጠርም፤ ስቲሙለሱም አይቆጠርም። ቢሆንም በተራ የምንቀድማቸው አንድ ጋሼ «ልጄ፣ የባለቤቴ ፕሮሰስ እስኪያልቅ የመንግሥት ገንዘብ አልነካም» አሉኝና በእቁብ ገንዘብ ከረሙ። ባስረዳቸው ባስረዳቸው አልሰሙኝም። አልፈርድባቸውም፤ ባለቤቱን ስንት ዓመት የጠበቀ ሰው በወሬ አይቀልድም።

አሁን ወደ ፒፒፒ፣ መንግሥት በባንኮች በኩል ለትንንሽ ንግዶች ወደሰጠው ገንዘብ ልምጣ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። ብድር ይባል ነበር እንጂ በአግባቡ ከተጠቀምክበት አይከፈልም ነበር። በኤፕሪል 3 ተከፍቶ፣ 349 ቢሊዮን ዶላሩ በኤፕሪል 16 አለቀ። እንደኛ ብቻውን ለሚሠራ የተፈቀደው ደግሞ ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ነው። ስድስት ቀን ማለት ነው። ትልልቆቹ ባንኮች መጀመሪያ የራሳቸውን ደንበኛ አስተናገዱ፤ እኛ ወረቀት ስንሰበስብ ካዝናው ባዶ ሆነ። በወሩ መጨረሻ ኮንግረስ እንደገና ሞላው።

ሒሳቡን ተመልከቱ። የሹፌር ታክስ ሲሠራ ከጠቅላላ ገቢው ላይ ማይሉ ይቀነሳል። በ2019 ለአንድ ማይል 58 ሳንቲም ነበር። 60 ሺህ ዶላር ያስገባና 50 ሺህ ማይል የነዳ ሰው እንውሰድ። ለማይሉ ብቻ 29 ሺህ ይቀነስለታል። ኮሚሽኑ፣ ፈቃዱ፣ ፓርኪንጉ 11 ሺህ ይሁን። የተጣራው 20 ሺህ ቀረ። ሁሉም ሕጋዊ ነው፤ ታክስ የሚሠራው ሰው ጎበዝ የሚባለውም በዚህ ነው። ፒፒፒ ደግሞ የሚታሰበው ከተጣራው ነበር፦ ለ12 ተካፍሎ በ2.5 ይባዛል። 4,166 ዶላር ይሆናል።

ማርች 2021 ላይ ደንቡ ተቀየረና ከጠቅላላው ገቢ እንዲታሰብ ተፈቀደ። ያው ሰው አሁን 12,500 ያገኛል። ጥሩ ነው፣ ለአዲስ አመልካች። በድሮው ደንብ የወሰደ ግን ልዩነቱ አይሞላለትም። የቸኮለው አራት ሺህ፣ የዘገየው አሥራ ሁለት ሺህ! አብሮኝ ተራ የሚይዝ ልጅ ማመልከቻ መሙላት ሰልችቶት ነው አንድ ዓመት ያሳለፈው። ስንፍናው ከፈለው። እስካሁን ባገኘሁት ቁጥር ይስቅብኛል።

ምግብ ቤት የከፈቱት ወገኖቻችን ጣጣ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ኤስቢኤ፣ ትንንሽ ንግዶችን የሚረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በቀጥታ ይሰጥ የነበረውን ኢአይዲኤል የተባለውን ብድርም ወስደዋል። ወለዱ 3.75 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት። ከፒፒፒው ጋር በአንድ ሰሞን ስለመጣ ሰው አንድ አድርጎ ቆጠረው። ይሄኛው ግን እውነተኛ ብድር ነው። ከ25 ሺህ በላይ ከሆነ የንግዱ ዕቃ መያዣ ነው፤ ምድጃውም ማቀዝቀዣውም። ክፍያ የሚጀመርበት ጊዜ እስከ 30 ወር ስለተራዘመ የክፍያው ደብዳቤ የመጣው ሁሉ ነገር ከተረሳ በኋላ ነው። 150 ሺህ ለወሰደ ሰው በወር 731 ዶላር። ቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ሥጋ፣ ሠራተኛ፣ ከዚያ ይሄ።

በየቴሌግራም ግሩፑ «የኢአይዲኤል ዕዳ ሊማር ነው» የሚል መልእክት በየጥቂት ወሩ ይዞራል። የማውቃት አንዲት ባለ ምግብ ቤት ሁሌ ትልክልኛለች። «እውነት ነው እንዴ?» ትለኛለች። «እትዬ፣ አይደለም» እላታለሁ። «እሺ» ትልና የወሩን ትከፍላለች። በሚቀጥለው ጊዜም ትልክልኛለች።