ድንኳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ያን ቀን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሂሳብ ማስተማር ነው። ቁጥር ያውቃል ብለው ነው መሰለኝ፣ ማታ ቆጠራው ላይ ወረቀት ይዤ የምመዘግበው እኔ ሆንኩ።

ጣቢያችን ድንኳን ነበር። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው ወረቀቶቹን በድንጋይ እየያዝን ሠራን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኮሮጆዎቹን ከፍተን ባዶ መሆናቸውን ለታዛቢዎችና ለፓርቲ ወኪሎች አሳየን። ከዚያ አሸግናቸው። ሰልፉ ቀድሞን ነው የደረሰው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ማስክ ያደረጉ ወጣቶች፣ በርጩማ ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ወረቀት እንሰጣለን፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ እዚሁ ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው ለክልሉ ምክር ቤት።

አንዲት እናት አልረሳቸውም። ፊደል አልቆጠሩም። «ልጄ፣ ምልክቱን አውቀዋለሁ። ጣቴን የት ላይ እንደማሳርፍ ብቻ አሳየኝ» አሉኝ። አንዱን ምልክት ለይቼ መጠቆም አልችልም። ከየምልክቱ አጠገብ ያለውን ባዶ ሳጥን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም አይተው «ይኼ ሳይለቅ ውጤቱን እንሰማለን?» ብለው ጠየቁኝ። እንደሚሰሙ ነገርኳቸው። ቦርዱ የመጨረሻውን ውጤት ሐምሌ 3 ቀን ነው የገለጸው።

ድምፅ መስጫው ሰዓት ተራዝሞ እስከ ማታ 3 ሰዓት ሄደ። ኮሮጆው ሲከፈት ሁላችንም ዝለናል። እያንዳንዱን ወረቀት አንድ ባልደረባዬ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ምልክቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ወኪሎቹ ያያሉ፣ እኔ መስመር አሰምራለሁ። አምስት ሲሞላ አራቱን በአንድ እሰርዛለሁ፤ ተማሪዎቼን እንደማስተምረው። እኩለ ሌሊት ገደማ አንድ ሰው ወደ ድንኳኑ ብቅ ብሎ «መምህር፣ ምን ያደክማችኋል፣ ውጤቱ እንደሆነ ይታወቃል» አለን። ማንም አልመለሰለትም። መቁጠሩን ቀጠልን።

አንድ ወረቀት ላይ የጣት አሻራው ሁለት ሳጥን መሃል አርፏል። ለአንዱ ይቆጠር የሚል ወኪል ነበር፣ ዋጋ አልባ ነው የሚልም ነበር። በባትሪ መብራት እያገላበጥን ለአንድ ወረቀት ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ዋጋ አልባ ተባለ፤ ሁሉም ተስማማ። ያቺ ሩብ ሰዓት በሕይወቴ ከኮራሁባቸው ጊዜያት አንዷ ናት። ምናልባት የእኒያ እናት ወረቀት ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤአለሁ። የማንም ይሁን፣ ሳይታይ አልተጣለም።

ሊነጋ ሲል ውጤቱን ሞልተን ፈረምን፣ ወኪሎቹም ፈረሙ። አንዱን ቅጂ ድንኳኑ ላይ ለጠፍነው። ወጥቼ ቆሜ ሳለሁ አንድ ዓሣ ነጋዴ ብስክሌቱን አቁሞ መጣ። በዓይን አውቀዋለሁ፤ ገበያው ሐይቁ ዳር ነው። ከኪሱ የሂሳብ ደብተር አወጣና ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ መገልበጥ ጀመረ። ያሸነፈውንም፣ የተሸነፈውንም፣ ዋጋ አልባውንም። ጨርሶ ምንም ሳይናገር ሄደ።

እኛ አገር የምርጫ ስርቆት ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ኮሮጆ ግልበጣ ነው። እኔም ከዚያ በፊት ሌላ አይታየኝም ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ጭንቀቴ ሌላ ቦታ ሄዷል። እኛ ቆጥረን ከፈረምነው በኋላ ድምፁ የት ይደርሳል?

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። እንበል 1,000 ሰው መረጠ። አንዱ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 አገኘ። ባለ 400ው ይገባል። ያልመረጡት 600 ሰዎች ምክር ቤት ውስጥ ማንም የላቸውም። አማራ ክልል ለተወካዮች ምክር ቤት 138 የምርጫ ክልል አለው። በሁሉም ላይ ይኸው ቁጥር ቢደገም፣ ከመቶ አርባ ያገኘ ፓርቲ 138ቱንም ወንበር ጠቅልሎ ይወስዳል። ለዚህ ደግሞ አንድም ኮሮጆ መገልበጥ አያስፈልገውም።

ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ1997 ምርጫ ኢሕአዴግ 327 ወንበር ያዘ ተባለ፤ ከ547ቱ የቀረው ብዙ ነበር። በ2002 ከእሱና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በ2007 አንድም አልቀረም፤ 547ቱም የእነሱ ሆነ። በዚያ ምክር ቤት ዘመን ዜና የሚያነቡት ሰዎች ስንት ጊዜ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እንዳሉ ማን ይቆጥረዋል። ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ራሳቸው መስከረም 30 ቀን 2009 ምክር ቤቱን ሲከፍቱ፣ የተለያዩ ድምፆች እንዲወከሉ የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል ብለው ተናግረዋል። ያኔ አገሩ በተቃውሞ እየነደደ ነበር። እዚህ ከተማችን ውስጥ በ2008 ነሐሴ ልጆች ሞተዋል። ምክር ቤቱ ውስጥ ተናጋሪ ያጣ ሰው መንገድ ላይ ይናገራል።

እኛ የቆጠርነው የ2013ቱ ምርጫ ከቀድሞዎቹ የተሻለ አያያዝ ነበረው ብዬ አምናለሁ። ያኔ በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ቦርድ ብዙ ደክሟል። ግን ሕጉ ያው አብላጫ ድምፅ ነው። ሰኔ ላይ ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

አሁን የሂሳብ መምህርነቴ ይምጣ። የ547 ሁለት ሦስተኛ 365 ነው። ሁለት ሦስተኛ የሚባለው ነገር ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባው ለከባድ ጉዳይ ነው፤ አንድ ወገን ብቻውን እንዳይወስን፣ ሌላውን እንዲያሳምን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማጽደቅ ይኼ ድምፅ ያስፈልጋል። 410 ያለው ፓርቲ ግን ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ፤ ነሐሴ 8 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው። እኛ ባሕር ዳር ሆነን ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ በር ዘግተን ቁጭ ብለን ነበር። አዋጁ ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ ጎረቤቶቼ እንኳን አይስማሙም። እኔን ያመመኝ፣ ለኑሯችን ያን ያህል የከበደ ውሳኔ ሲወሰን እዚያ አዳራሽ ውስጥ «እስኪ መጀመሪያ አሳምኑን» ሊል የሚችል በቂ ቁጥር ያለው ወገን አለመኖሩ ነው። 365 ግንብ ነበር። 410 ላለው ግን ደጃፍ ነው።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላም ነገር አለ። በ1997 ከምርጫው በኋላ፣ አዲሶቹ አባላት ሳይገቡ፣ ዘመኑ ሊያልቅ የተቃረበው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ቀየረ። ከዚያ በፊት 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር። በአዲሱ ደንብ ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ። ማለትም ተቃዋሚው ገብቶ ቢቀመጥም፣ ምን እንነጋገር የሚለውን የሚወስነው አሸናፊው ብቻ ሆነ። ይህን ሳነብ ያቺ የተከራከርንባት ወረቀት ትዝ ትለኛለች። እኛ ለአንድ አሻራ ሩብ ሰዓት ሰጠን። እዚያ በአንድ የደንብ ለውጥ የሚሊዮኖች ድምፅ አፍ አጣ።

ስለዚህ ምርጫን እንጠብቅ ስንል ከድንኳኑ እንዳንቀር ነው የምፈልገው። ታዛቢ ይኑር፣ ቆጠራው በአደባባይ ይሁን፣ ውጤቱ ይለጠፍ፤ ይኼ ላይ ቅንጣት አልለቅም። ግን ድምፅ ወደ ወንበር የሚቀየርበት መንገድም ይታይ። ከወንበሮቹ የተወሰኑት እንኳን ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ቢከፋፈሉ፣ ከመቶ ሃያ ያገኘ ባዶ እጁን አይመለስም። የጨዋታውን ደንብ ደግሞ አንዱ ተጫዋች ብቻውን አይቀይረው። ዛሬ በለስ ለቀናው ፓርቲ ደጋፊም ነው የምለው። በ2007 ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም የያዘው ድርጅት ዛሬ በስሙም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወርጄ ያንን ነጋዴ አገኘሁት። ቀረሶ እያጸዳ ነው። «መምህር፣ ለሚቀጥለውስ ትቆጥራላችሁ?» አለኝ።

ከተመደብኩ እቆጥራለሁ አልኩት። ከዚያ ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኩት፦ ያን ቀን ቁጥሩን ለምን ገለበጥከው?

ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን አደራረቀ።

«የእኔ ሰው በእናንተ ጣቢያ ተሸንፎ ነበር» አለኝ። «ስንት እንደሆንን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ደብተሩ አሁንም አለው። የዓሣ ዕዳ በሚጽፍበት ደብተር ውስጥ ነው፤ ገጹን አጥፎታል።