ሥራ ያስገኘችልኝ ደብተር

ሲቪ ልጽፍ ስቀመጥ የሚያስቸግረኝ የቃላት ነገር አልነበረም። ምን ስሠራ እንደከረምኩ ማስታወስ ነበር። ጠዋት ገብቼ ማታ የወጣሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተጨምቀው «ዕቃ መረከብ፣ ዕቃ ማስረከብ፣ ሪፖርት ማዘጋጀት» ይሆኑብኛል። ይህን ደግሞ መጋዘን ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ይጽፈዋል።

ያኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ። የተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ልቤም እዚያው ነበር። ማስታወቂያው ሁሉ ግን «በሒሳብ ሥራ ልምድ ያላት/ያለው» ይላል። መንገዱን የከፈተችልኝ፣ ለሌላ ጉዳይ የጀመርኳት አንዲት ደብተር ናት።

መጀመሪያ የያዝኳት ራሴን ለመከላከል ነበር። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጎድል ጣት የሚቀሰረው ወደ ዕቃ ያዡ ነው። ስለዚህ ማታ ከመውጣቴ በፊት የዕለቱን እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ምን ለየት ያለ ነገር እንዳየሁ። ከአምስትና ስድስት መስመር አይበልጥም። ስሜቴን አልጽፍም። «እገሌ ዛሬም አናደደኝ» የሚለው ለጓደኛ የሚወራ እንጂ ለሥራ ደብተር የሚሆን አይደለም፤ ድንገት ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ማፈሪያ ነው።

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው የታወቀ ጥናት አለ። ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ምን ያህሉ እንደሚቀርለት ለካ። አንድ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ከግማሽ በላዩ ይጠፋበታል፤ በማግስቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የለም። ሥራችን እርግጥ ትርጉም የሌለው ቃል አይደለም (አንዳንድ ስብሰባ ካልሆነ በቀር)። ቢሆንም ያምናውን ቁጥር ዘንድሮ በቃሌ እጠራለሁ ማለት ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ሲቪው። ደብተሯን ገልጬ አነበብኩና ከሒሳብ ጋር የሚነካካውን ሁሉ አሰመርኩበት። የሚገርም ነው፤ ግማሹ ሥራዬ ሒሳብ ነበር። ቢን ካርድን (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን የመጋዘን ካርድ) ከሒሳብ ክፍል መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ የአቅራቢ ደረሰኝን ከገቢ ዕቃ ሰነድ ጋር ማስተያየት፣ የዓመቱን ቆጠራ ማዘጋጀት። «ሪፖርት ማዘጋጀት» የሚለውን ሰርዤ «በየወሩ መጨረሻ የመጋዘኑን ቀሪ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አመሳክሬ የልዩነት ማብራሪያ አቀርባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራው ያው ነው። አሁን ግን የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሲያነበው የሚያውቀውን ነገር ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጣል። ማስታወቂያው ውስጥ ያለውን ቃል ተጠቀሙ። «ማመሳከር» ካለ እናንተም «ማመሳከር» በሉ፤ ሠርታችሁት ከሆነ ማለቴ ነው። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ማመልከቻውን መጀመሪያ በሶፍትዌር ነው የሚያስተናግዱት። ሶፍትዌሩ ደግሞ በሠንጠረዥ፣ በሁለት ዓምድና በሥዕል ያጌጠ ሲቪ ሲያይ አንዳንዴ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል። ተራ፣ ባለ አንድ ዓምድ፣ በፒዲኤፍ የተቀመጠ ይበቃል፤ ማስታወቂያው ሌላ ዓይነት ፋይል ካልጠየቀ። የፋይሉም ስም የእናንተ ስም ይሁን። «የመጨረሻ የመጨረሻ 2» የሚል ሲቪ ተልኮልኝ ያውቃል፤ ከሌሎቹ ፋይሎች መሐል ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኝ ነበር።

ማስታወቂያውን የነገረኝ የቅርብ ሰው አይደለም። ቤተሰቤም ጓደኞቼም ሥራ እንደምፈልግ ያውቃሉ፤ ግን እነሱ የሚሰሙት እኔም የምሰማውን ነው። የነገረችኝ ድሮ ለአጭር ጊዜ አብረን የሠራን፣ ከዚያ በኋላ ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል ያላለፍን ልጅ ናት። ይህ የኔ ዕድል ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነው የሚገናኙት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣና ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ 20 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የፈተሸ ጥናትም ወደዚያው ያዘነብላል። ብዙም የማንቀራረባቸው ሰዎች ለአዲስ ሥራ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ስለዚህ ለራቁት ሰዎች ጻፉ። ግን «ሥራ ካለ አስቢኝ» አትበሉ። ማን ምን ብሎ ያስባችሁ? እኔ የላክሁት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰላም ነሽ? ከንብረት ክፍል ወደ ሒሳብ መዛወር እፈልጋለሁ። የማመሳከርና የቆጠራ ልምድ አለኝ። እናንተ ጋ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈለግ ከሆነ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። ባይኖርም ችግር የለም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ነገር ናት። ሰውየው መልስ መስጠት እዳ አይሆንበትም።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ስለራሴ ጠየቁኝ፣ ለምን ሥራ መቀየር እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። (የቀድሞ አለቃን ማማት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አፋችሁን ያዙ።) ከዚያ አንደኛዋ፣ «እስቲ ሥራ ላይ የገጠመሽን አንድ ችግርና እንዴት እንደፈታሽው ንገሪን» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። የቅጥር ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አራት ነገር ነው የሚፈልጉት። ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንቺ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሲያብራራ ይውልና «ምን አደረግሽ» ላይ ሲደርስ «ተባብረን ፈታነው» ብሎ ያልፈዋል። እነሱ መስማት የሚፈልጉት ግን ያችኑ የተዘለለችውን ነው።

የነገርኳቸው ይህን ነው። አንድ ዕቃ በቆጠራ 240 ፍሬ ጎደለ። ሁሉም የጠረጠረው ስርቆት ነው። እኔ ደብተሬን ገለበጥኩ። ዕቃው በካርቶን ይገባል፣ በፍሬ ይወጣል። ካርዱ ላይ አንድ ካርቶን በ24 ፍሬ ይሰላል። ደብተሬ ላይ ግን፣ ዕቃው የገባ ዕለት፣ «ካርቶኑ አነስ ብሏል፣ አዲስ ማሸጊያ» የሚል ማስታወሻ አለ። ሄጄ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ፈታሁ። 20 ፍሬ ነው። የገቡት 60 ካርቶን ናቸው። 60 በ4 ሲባዛ 240። የጠፋ ዕቃ የለም። አቅራቢው ማሸጊያ ቀይሯል፤ እኛ ደግሞ በድሮው መለኪያ እየመዘገብን ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ገቢ ሰነድ ላይ በካርቶን ስንት ፍሬ እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተጨመረ።

ጸጥ አሉና አንደኛው፣ «ሒሳቡስ? በ24 ነው የተከፈለው ወይስ በ20?» አለኝ። ደስ አለኝ። ምክንያቱም ይህ ፈታኝ ተፈታኙን የሚጠይቀው ሳይሆን የሥራ ባልደረባ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ደረሰኙ በፍሬ ዋጋ የተሠራ መሆኑን፣ ስለዚህም በትክክል የ20ው እንደተከፈለ ነገርኳቸው። እሱም ደብተሬ ላይ ነበረ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደብተር ያዙ ስል የድርጅቱን ምስጢር ቅዱ ማለቴ አይደለም። የደንበኛ ስም፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የውል ቅጂ ይዛችሁ አትውጡ። ቃለ መጠይቅ ላይም የድርጅቱንም የአቅራቢውንም ስም አልጠራሁም። የቀድሞ ቤቱን ገመና የሚዘረዝር ሰው ነገ የኛንም ይዘረዝራል ብለው ቢፈሩ እውነታቸውን ነው።

ሌላም አለ። ለመቀጠር «የምዝገባ»፣ «የሥልጠና»፣ «የፎርም» ገንዘብ አምጡ የሚሉ አሉ። ደህና ቀጣሪ ይከፍላችኋል እንጂ አያስከፍላችሁም። ዘግታችሁ እለፉ።

ደሞዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ ያልኩት፣ «ለቦታው የመደባችሁት እርከን ካለ ብትነግሩኝ» ነው። ነገሩኝ። ሁልጊዜ አይነግሩም፤ ግን መጠየቁ አያስነውርም። የማይነግሯችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ያጣራችሁትን መነሻና መድረሻ ተናገሩና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። ብዙዎቻችን ቁጥሩን ጠርተን ወዲያው «ግን እናንተ እንዳላችሁ» እያልን ራሳችንን እንቀንሳለን።

ተቀጠርኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዙ ሰው የማያወራው። መቀጠርና መሰንበት ለየቅል ናቸው።

የሙከራ ጊዜዬ እንደጀመረ አለቃዬን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ጥሩ ሠራች እንዲሉኝ ምን ማድረግ አለብኝ?» ትንሽ አሰቡና ሁለት ነገር ነገሩኝ። የወሩ መዝጊያ ሳይዘገይ፣ ያልገባኝን ሳልደብቅ። ሥራዬ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ነው፤ እሳቸው የሚመዝኑኝ ግን በሁለት ነገር ነው። ይህን ሳላውቅ ብቀር ጉልበቴን የትም አፈሰው ነበር።

ሥራውን ያስተማረችኝን ባልደረባዬን ያልገባኝን ስጠይቅ መልሱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ እያየችኝ። እሷም ቆይታ፣ «አንቺን ማስረዳት ደስ ይላል፣ ሁለቴ አትጠይቂም» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ነባር ሠራተኛ በአዲስ ሰው የሚማረረው ስለሚጠየቅ አይደለም። ያንኑ ደግሞ ደጋግሞ ስለሚጠየቅ ነው።

የቃል ትእዛዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮሪደር ላይ ቆመው «እንዲህ አድርጊው» ይሉሻል፤ ሳምንት ቆይቶ «ማን እንዲህ አለሽ?» ይመጣል። ሰው ዋሽቶ አይደለም፤ እውነትም ረስቶት ነው። ስለዚህ ወደ ወንበሬ ስመለስ አጭር ኢሜይል እልካለሁ። «በተነጋገርነው መሠረት የዚህን ወር ክፍያ በሚቀጥለው ወር መዝገብ አስገባዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» በቃ። የማስረጃ ቃና እንዳይኖረው ተጠንቀቁ። ሦስት ሰው ግልባጭ ውስጥ ከታችሁ ከላካችሁት፣ የጻፋችሁት ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ ክስ ይሆናል።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ተጋጭተናል። እኔ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ስብሰባ ላይ እንደራሱ አድርጎ አቀረበው። የቡድን ቻቱ ላይ አንድ ነገር ልል እጄ ሄዶ ነበር፤ ተውኩት። በማግስቱ ለብቻው አግኝቼ፣ «ትናንት ያቀረብከው ሠንጠረዥ እኔ የሠራሁት ነው። በሚቀጥለው አብረን ብናቀርበው ይሻላል» አልኩት። «እውነትሽን ነው፣ ሳላስበው ነው» አለ። ሳያስበው ይሁን አስቦት አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግኩም። መውጫ በር ካልተውንለት ሰው ይፋለማል። ከዚያ ወዲህ ግን ለአለቃዬ በየሳምንቱ መጨረሻ ያለቀውን፣ የቀረውንና የተቸገርኩበትን በጥቂት መስመር እልካለሁ። የማን ሥራ የማን እንደሆነ ያለ ንትርክ ይታወቃል።

ሥራ ሲደራረብብኝም «አልችልም» አልልም። ዝርዝሩን ይዤ እገባለሁ። «እነዚህ አራቱ እጄ ላይ ናቸው። አምስተኛውን ዛሬ ልጨርስ ካልኩ አንዱ ለነገ ያድራል። የቱን ላሳድረው?» አንዳንዴ አንዱን ያነሱልኛል። አንዳንዴ ደግሞ «ሁሉም ዛሬ» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ያው አመሻለሁ። ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል አላልኩም።

የደሞዝ ጭማሪ ስጠይቅም ደብተሯ ነች የረዳችኝ። የኑሮ ውድነቱን አላነሳሁም፤ እሱ የሁሉም ነው። ስቀጠር ያልነበረና በኔ ላይ የተጨመረውን ሥራ ከነቀኑ አውጥቼ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ይዤ ገባሁ። አለቃዬ አነበቡት፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይሄም ባንቺ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ፣ «ይህን ወረቀት ላኪልኝ፣ ለላይ ሳቀርብ እሱን ነው የማያይዘው» አሉኝ። የመጣው ጭማሪ ከጠየቅሁት ያንሳል። የሥራ መደቤ ግን ከጀማሪ ወደ ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ ተቀየረ፤ የተጨመሩብኝም ሥራዎች በሥራ ዝርዝሬ ላይ በጽሑፍ ሰፈሩ።