ከአዘዞ እስከ ዋሽንግተን

ከጎንደር ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ወደ ኋላ ነው። አሜሪካ ያለችው በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። አዘዞ ካለው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የምንነሳው ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦሌ ነው። በቀጥታ መስመር ከተለካ ከጎንደር ዋሽንግተን 11,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ሲሆን 11,500ን ያልፋል። 420 ኪሎ ሜትር ያህል የምንበረው ከምንሄድበት አገር ለመራቅ ነው ማለት ነው።

ቢሆንም አላማርርም። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ ጨምሮ። ባለ ፕሮፔለሯ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ታደርሳለች። በቀኝ በኩል መስኮት ላገኘ ደግሞ ጣና ምርቃት ነው።

ቦሌ ላይ እስከ ማታ መጠበቅ ነው የሚያደክመው። የምሽቱ በረራ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናትም የጎንደር ሰው ናቸው። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ደብሊን ስናርፍ ብድግ አሉ።

«ደረስን እንዴ ልጄ?»

«የለም እማማ፣ ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

«አዲስ አበባ ሳይሞላ ነው የተነሳው?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ ሞልቶ አልተነሳም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም እንደልብ አያነሳም። ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ለውቅያኖስ ማዶ የሚበቃ ነዳጅም ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ይቀዳል፤ እኛም ከወንበራችን ሳንነሳ እንጠብቃለን። ሁሉም ተደምሮ ከቦሌ 17 ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ይዞ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ያው ርቀት በ13 ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ያለ ማረፍ። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ «መሄዱ ወይስ መመለሱ?» የምለው ለዚህ ነው።

ደለስ ስንደርስ ጠዋት ነበር። የግድግዳው ሰዓት 2:30 አይልም እንደኛ፤ 8:30 ይላል። የእማማ የእጅ ሰዓት ደግሞ 9:30።

«ለአንድ ሰዓት ልዩነት ነው እንዲህ የተንገላታነው?» አሉ።

እውነተኛው ልዩነት በበጋቸው ወራት 7 ሰዓት ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር 6ቱ ይዋጥና ሰዓቱ ላይ የምትታየው አንዷ ብቻ ናት። ክረምታቸው ሲገባ ሁለት ትሆናለች። ይህንን ሳስረዳቸው ሰዓታቸውን ላስተካክልላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው ልጄ፣ ጎንደር ስደውል በምን ላውቅ ነው?» አሉና ወደ ፓስፖርቱ ሰልፍ ሄዱ።