ለአርቲኤክስ 3060 የሚመጥን ፕሮሰሰር

መገናኛ አካባቢ በሚገኝ የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ውስጥ በቴክኒሽያንነት እሠራለሁ። ወደ እኛ ከሚመጡት ደንበኞች መካከል አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው ወይም ከውጭ ተልኮላቸው የጠበቁትን ፍጥነት ያላገኙ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ አሜሪካ የምትኖር እኅቱ አርቲኤክስ 3060 የተባለ ግራፊክስ ካርድ በመንገደኛ እጅ የላከችለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ካርዱን ገጥሞ ሲጫወት፣ ሰፊ ከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳበት ጌም ጎዳናው ላይ ሰውና መኪና በበዛ ቁጥር እየተቆራረጠ አስቸገረው። ወደ ሱቃችን የመጣው ካርዱ ፎርጅድ ነው ብሎ ደምድሞ፣ ነገሩን ለእኅቱ እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆት ነበር።

ጥርጣሬው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የአሮጌ ካርድ ባዮስ (ዕቃው የሚነሣበትና ማንነቱን የሚናገርበት መሠረታዊ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለና። ስለዚህ አስቀድሜ የካርድን ማንነት በሚያሳየው ጂፒዩ-ዜድ በተባለ ፕሮግራም ፈተሽኩት። 3,584 ኩዳ ኮር፣ ማለትም ትንንሽ የስሌት ክፍሎች፣ እንዲሁም 12 ጊጋባይት ሚሞሪ አሳየ፤ እውነተኛው ባለ 12 ጊጋባይት 3060 ሊያሳይ የሚገባው ይህንኑ ነው። ቀጥዬ አፍተርበርነር የተባለውን መከታተያ ፕሮግራም ከፍቼ፣ ጌሙ እየሄደ የካርዱና የፕሮሰሰሩ የሥራ ጫና ስክሪኑ ጥግ ላይ እንዲታይ አደረግሁ። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ራይዘን 3 1200 ሲሆን አራት ኮር (የስሌት ክፍል) እና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) ብቻ ነው ያለው። አራቱም ኮሮች መቶ በመቶ ሲጨናነቁ ካርዱ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሠራ ነበር። ለማረጋገጥ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ከ1080 ወደ 720 አወረድኩት። ችግሩ ከካርዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ስለሚቀልለት የፍሬሙ ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ከፍ ማለት ነበረበት፤ ነገር ግን ንቅንቅ አላለም።

«ካርድህ ደህና ነው፤ የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ነው» አልኩት። ግንበኛ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ማልታ የሚያቀርብለት ሠራተኛ ከዘገየ ቆሞ መጠበቁ እንደማይቀር ሁሉ፣ ግራፊክስ ካርድም እያንዳንዱን ምስል የሚሥለው ፕሮሰሰሩ የሰውን፣ የመኪናውንና የግጭቱን ስሌት ጨርሶ ትእዛዙን ሲያቀብለው ነው። ልጁም ፊቱ ፈታ አለ፤ ወዲያውም «ታዲያ ጋሼ፣ ስንት ያስወጣኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ሐሳባችን ተለያየ። እርሱ ማሽኑ ጊዜው ስላለፈበት ከነማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሰሌዳ ጋር) ኤኤም5 ወደተባለው አዲስ ሶኬት፣ ማለትም የፕሮሰሰር መሰኪያ፣ ይቀየር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ መንገድ ፕሮሰሰር ብቻ ሳይሆን አዲስ ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም ጭምር መግዛትን ይጠይቃል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ምን ያህል እንደናረ ለሚያውቅ ሰው፣ ተማሪን ሦስት ዕቃ በአንድ ጊዜ ግዛ ማለት ቀላል ምክር አይደለም። የልጁ ማዘርቦርድ ቢ450 ነው። ኤኤም4 የተባለው የዚህ ቦርድ ሶኬት ከመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች ጀምሮ እስከ 5000ዎቹ ድረስ ስለሚቀበል፣ ቦርዱንም ራሙንም ሳንነካ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር እንችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ምርጫ ከ5000ዎቹ የትኛው ይሁን የሚለው ነበር። ራይዘን 5 5500 በዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ኤል3 ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሚሞሪ) 16 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ እንደዚህ ባለ ጌም ውስጥ ደግሞ የካሽ መጠን በግልጽ ይታወቃል። 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ካሽ ይዞ እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ ከ3060 ጋር ሲጣመር ካርዱ ቀድሞ ስለሚደክም ተጨማሪው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በመካከላቸው ያለው ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድና 32 ሜጋባይት ካሽ አለው። ልክ እንደ አሮጌው 1200 የ65 ዋት ፕሮሰሰር በመሆኑም ልጁ የያዘው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አልጠበበውም። እኔ ያለ ማመንታት የመረጥኩት ይህንን ነው፤ ባልደረባዬም የቦርዱ አምራች ያወጣውን፣ ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አይቶ ተስማማ።

ሳጥኑን ስንከፍት ሌላ ነገር አገኘን። ሁለቱ 8 ጊጋባይት ራሞች ጎን ለጎን ተሰክተው ስለነበር በአንድ ቻናል (የመረጃ መተላለፊያ መስመር) ብቻ ነበር የሚሠሩት። አንዱን አንሥተን ከፕሮሰሰሩ ስንቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ አደረግናቸው። ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ቢሆንም መቆራረጡን ወዲያውኑ በጥቂቱ ቀነሰው። ወደ ሱቃችን ከሚመጡ ማሽኖች ብዙዎቹ ይህ ጉድለት ስላለባቸው ማንም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢመለከት እመክራለሁ።

ቢ450 ገበያ ላይ የዋለው 5600 ከመውጣቱ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል የቦርዱን ባዮስ ማደስ ያስፈልጋል። አዲሱ ቀድሞ ከተሰካ ቦርዱ ስለማያውቀው ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። ፋይሉን በፍላሽ ጭነን፣ ማሽኑን መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር አያይዘን እድሳቱን ጀመርን። መሐል ላይ ሳለ የአካባቢው መብራት ጠፋ። ሞኒተሩ ዩፒኤሱ ላይ ስላልነበረ ስክሪኑ ጠፋና ምን ላይ እንደደረሰ ማየት አልቻልንም። ልጁ ደንግጦ እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ ባልደረባዬ እጁን ያዘው፤ በዚያች ሰዓት ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችል ነበርና። የፋኑን ድምፅ እያዳመጥን ጠበቅን። ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ሲነሣ ሞኒተሩን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርነው፤ አዲሱ የባዮስ ቁጥር ወጣ።

ፕሮሰሰሩን መንቀልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤኤም4 ፕሮሰሰር 1,331 ቀጫጭን እግሮች ያሉት ሲሆን፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ቅባት ከደረቀ ሽቅብ ሲሳብ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈበት ሶኬት ነቅሎ እግሮቹን ያጣምማል። ስለዚህ ማሽኑን ጥቂት አሠርተን ቅባቱ እንዲሞቅ ካደረግን በኋላ አጠፋነው፤ ብሎኖቹን ፈትተን ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞርን አላቀቅነው። አዲሱን በጥጉ ላይ ያለውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አግጥመን ስናስቀምጠው ያለ ምንም ጫና ገባ።

ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ጎዳና ደግመን ስንፈትሽ ካርዱ ከአቅሙ 95 በመቶ በላይ ይሠራ ጀመር፤ ሰው በበዛበት ስፍራ ከ60 በታች ይወርድ የነበረው ፍሬምም ከ90 በላይ ሆነ። ልጁ እዚያው ቆሞ ለእኅቱ ደወለላት። ከዚያ ወዲህ በሱቃችን ስለ ፕሮሰሰር ዋጋ የሚጠይቀንን ደንበኛ አስቀድመን የማዘርቦርዱን ስም፣ የባዮሱን ቁጥርና የሚጫወትበትን የሞኒተር ሬዞሉሽን እንጠይቀዋለን፤ ጌሙ በሚከብድበት ስፍራ ላይ ሳለም የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ጫና በስልኩ ፎቶ አንሥቶ እንዲያመጣልን እናደርጋለን።