አመለጠኝ፣ አመለጥኩ፣ ጠፋሁ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ የልጅ ልጅ ከሜሪላንድ መጥታ ነበር፣ 12 አመቷ ነው፣ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ቤት ውስጥ የሰማችውን እየገጣጠመች ነው። አንድ ቀን መገናኛ ባስ ለመያዝ እየሮጥን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን በሩ ተዘጋና ሄደ፣ እሷም ጉልበቷን ይዛ እያለከለከች "አውቶብሱን አመለጥኩት!" አለች። አጠገባችን የቆሙ ማዘር "እሰይ የኔ ልጅ፣ ምን ሊያደርግሽ ነበር?" ብለው አቀፏት። ምኑ እንደተሳሳተ ስላልገባት "አመለጠኝ ነው የሚባለው" አልኳት። "ለምን? ያረፈድነው እኛ አይደለን እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን እኮ ነው። ያረፈድነው እኛ ነን፣ ባሱ በሰአቱ መጥቶ በሰአቱ ሄደ፣ በአማርኛ ግን አምላጩ እሱ ነው፣ እኛ እንደ አሳዳጅ ባዶ እጃችንን ቀረን። ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፣ ሰው ሲያወራ ጆሮዬ እሷን ብቻ እየለቀመ ነው።

አመለጥኩ ያለ ሰው እፎይ ያለ ሰው ነው። መኪና ሊገጨው ለጥቂት አመለጠ፣ ከሞት አመለጠ፣ ከእዳ አመለጠ። አመለጠኝ ያለው ደግሞ የሚቆጨው ነው፣ ባስ አመለጠኝ፣ እድል አመለጠኝ፣ አንድ ጥያቄ አመለጠኝ። ቃሉ ያው ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ድምፅ ብቻ ናት የምትለያየው፣ እሷ ናት ተናጋሪው ከወጥመዱ ውስጥ ይሁን ወጥመዱን ከያዘው ወገን የምትነግርህ። ሬዲዮና ቲቪ ላይ ማስታወቂያ ሁሉ "እንዳያመልጥዎ!" ብሎ የሚያልቀው ለዚህ ይመስለኛል፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ምንም ሳታሳድድ አንድ ነገር ከእጅህ ሊወጣ ነው ብሎ ያስነሳሃል።

ሌላ የገረመኝ ከራሳችን ውስጥ የሚያመልጡት ነገሮች ናቸው። ለቅሶ ቤት ሳቅ አመለጠኝ፣ ሳላስበው ሚስጥሩ ከአፌ አመለጠኝ፣ ህፃኑን ሽንት አመለጠው፣ ብርጭቆው ከእጄ አመለጠኝ። እንግዲህ ሰው ማለት ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ማለት ነው፣ ሳቁን፣ ቃሉን፣ እንባውን እየጠበቀ ይውላል፣ ትንሽ ዘንጋ ሲል አንዱ ይወጣበታል።

ከዛ ደግሞ "አለ" እየተባለባቸው የሚነገሩት አሉ፣ እነዚህን በጣም ነው የምወዳቸው። ሹልክ አለ ስትል ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ፣ ጫማው ሳይሰማ ሲወጣ ይታይሃል። ውልቅ ብሎ ወጣ ካልክ ተናዶ ነው፣ ደህና ሁኑም አላለ። ላጥ አለ ካልክ አንድ ነገር አድርጎ ነው፣ ወይ የሰው ገንዘብ ይዟል። እብስ አለ ደግሞ እንደ ጭስ ነው፣ ዞር ስትል የለም። ፈትለክ አለም አለ፣ ጋዜጠኞች "ያፈተለከ መረጃ" የሚሉት የዚሁ ዘመድ ነው። የፈራ ሰው እግሬ አውጪኝ ይላል፣ እግሩን እንደ ሰው እየለመነ ማለት እኮ ነው! ኮበለለ ደግሞ ከበድ ይላል፣ ቤቱንና ጌታውን ትቶ ለሄደ ነው የሚባለው፣ አሁን አሁን ለውድድር ወጥቶ እዛው ለቀረ አትሌትም ዜና ላይ ይሉታል።

እኔ ግን ይሄን ሁሉ እንድፅፍ ያደረገችኝ "ጠፋ" የምትለዋ ቃል ናት።

መብራት ጠፋ፣ ቁልፍ ጠፋ፣ ቃሉ ጠፋኝ፣ ለረጅም ጊዜ ያላየኸውን ሰው ደግሞ "ምነው ጠፋህ?" ትለዋለህ። ያመለጠ ሰውም ጠፋ ይባላል። ወታደር ከካምፕ ጠፋ፣ ልጁ ከቤት ጠፋ፣ ሰራተኛዋ ጠፋች። ልብ በሉ፣ ጠፋ የቀሪው ቃል ነው። የሄደው ሰውማ የት እንዳለ ያውቃል፣ ራሱን አልጣለም፣ የጠፋው ለሚፈልገው ሰው ነው።

ታላቅ እህቴ በ2002 ሳውዲ ሄደች፣ ሪያድ፣ ለቤት ሰራተኝነት። ስልክ የሚፈቀድላት በወር አንዴ ነበር፣ እሱም ማዳሟ አጠገቧ ቆማ። በ2003 ክረምት ከማናውቀው ቁጥር ደወለች፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገን እማዬን ሁላችንም ከበናት። እህቴ "እማዬ፣ ጠፋሁ" አለች።

እማዬ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "የት ነው የጠፋሽው? ሰው ጠይቂ እንጂ ልጄ! መንገዱን ጠይቂ!" አለች።

እዛኛው ጫፍ ዝም አለ፣ ከዛ ስታለቅስ ሰማናት። "አይ እማዬ፣ መንገድ አልጠፋኝም፣ ከቤቱ ጠፋሁ ነው የምልሽ።"

እዛ ያሉ ልጆች ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ጠፋሁ፣ ጠፍቼ ነው የምሰራው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደነገረችኝ በጥቁር ፌስታል ቆሻሻ ይዛ ነው የወጣችው፣ ከአባያው ስር ሁለት ቀሚስ ደርባ፣ ሌላ ልብስ መያዝ ስለማትችል። ፌስታሉን ገንዳው ውስጥ ጥላ ወደ ቤቱ ከመዞር ፈንታ ቀጥ ብላ ሄደች። ፓስፖርቷ ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የሰባት ወር ደሞዟ እነሱ እጅ ቀረ። ስትሄድ እጇ ባዶ መሆኑ ነበር በጣም ያስፈራት፣ ፌስታሉን ባልጣልኩት ኖሮ ብላ ታስብ ነበር፣ ቆሻሻ የያዘች ሰራተኛን ማንም አያስቆማትማ።

ያኔ እዛ ሀገር ሰራተኛ የምትኖረው በአረብኛ "ከፊል" በሚሉት በአሰሪዋ ስም ነበር፣ ኢቃማዋ፣ ማለትም መኖሪያ ፈቃዷ፣ ከሱ ጋር ነበር የታሰረው። ጥላ ከወጣች ሄዶ "ሁሩብ" ያስመዘግብባት ነበር፣ ከዛ በኋላ መኖሪያ ፈቃዷ ዋጋ አልነበረውም፣ ፖሊስ ካገኛት ትታሰር ነበር። ሁሩብ በአረብኛ ሽሽት ማለት ነው፣ ማምለጥ። ስሟ አጠገብ የተፃፈው ያ ነው። ለምን እንደሸሸች የሚፃፍበት ቦታ የለም፣ ያልተከፈላት ደሞዝም እዛ ላይ የለም፣ መሸሿ ብቻ ነው ጥፋቷ። እኔ ይሄን ሳስብ እስከዛሬ ደሜ ይፈላል፣ በር ተቆልፎበት ደሞዙ የተከለከለ ሰው ወጣ ብሎ ወንጀለኛ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ሁለት አመት ከሀበሻ ልጆች ጋር ማንፉሃ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት እየኖሩ ሰርታለች። ከዛ ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምህረት ጊዜ በጥቅምት 2006 አለቀና አፈሳው መጣ፣ ማንፉሃ ውስጥ የሆነውን ያኔ ሁላችንም አይተናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ተመለሰ። እሷም ህዳር ውስጥ በሌሊት ቦሌ ገባች፣ አንድ ቦርሳ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ። እማዬ አቅፋት "ተገኘሽ፣ ተገኘሽ" ብቻ ነበር የምትለው።

የገባኝ ነገር ከዛ በኋላ ነው የመጣው። ጎረቤት እንኳን ደህና ገባሽ ሊል ሲመጣ ልማድ ሆኖበት "ምነው እንዲህ ጠፋሽ?" ይላታል፣ ክፋት የለውም፣ ለማንም የሚባል ሰላምታ ነው። እህቴ በጠየቋት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ሶስተኛው ወይ አራተኛው ሰው ላይ እማዬ ከጓዳ ሊጥ በእጇ እንዳለ ወጣችና "ጠፋሽ አትበሏት! አልጠፋችም ልጄ፣ አምልጣ ነው የመጣችው" አለች። እማዬ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ትደግማለች፣ ነፍስ እንደ ወፍ ከአዳኞች ወጥመድ ስለማምለጧ የሚለውን መዝሙር በቃሏ ታውቀዋለች፣ ቃሉን ከዛ ያመጣችው ይመስለኛል። ሴትየዋ ደንግጣ "ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ እናት፣ እንኳን አመለጥሽ" አለቻት። እህቴ ቀና ብላ አየቻት። አመለጥሽ የሚላት ሰው ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይኸው አስር አመት አለፈ፣ እኛ ቤት እስከዛሬ ማንም ማንንም ጠፋህ፣ ጠፋሽ አይልም። ሳንነጋገር "ቆየህ"፣ "ናፈቅሽን" ማለት ለምደናል። ለሜሪላንዷ ልጅም ስለ ባሱ ሳስረዳት ይሄን ሁሉ ልነግራት ፈልጌ ነበር፣ ግን ልጅ ናት፣ ሌላ ጊዜ ብዬ ተውኩት።

እህቴ አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ምግብ ቤት ውስጥ ትሰራለች፣ የምትወጣው ማታ ነው። ትናንት ሁለት ሰአት ላይ ደወለችልኝ፣ "ታክሲው አመለጠኝ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ለእማዬ ንገሪያት እንዳታስብ" አለች። ነገርኳት። እሺ አለችና ነጠላዋን ደርባ በሩ ጋ ልትቆም ወጣች።