ቤዙ የት ሄደ?

ትናንት ማታ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የቴክኖ ፓርቲ ላይ ነበርኩ፣ ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ድምፁ ትልቅ ነበር፣ ጥሩ ግን አልነበረም። ሚክሰሩ (ድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ድምፁ ከልክ ማለፉን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ እንደበራ ነው፣ ሃይሃቱ (የከበሮው ጸናጽል ድምፅ) ቆርቆሮ ይፍቃል። የገረመኝ ግን ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ መሀል ላይ ደረቴን ይንጠኛል፣ አራት አምስት እርምጃ ወደ ጎን ስል ድራሹ ጠፋ። የ50 ኸርዝ የቤዝ ድምፅ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማላ፣ ሰብውፈሮቹን (የቤዝ ስፒከሮቹን) ግራና ቀኝ ስትበትናቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚበላበት ቦታ ይፈጠራል። አንድ ላይ ቢደረድሯቸው ምን ነበረበት? ለኔ ጥሩ ሳውንድ ማለት እየጨፈርኩ አጠገቤ ያለውን ሰው ሳልጮህ ማናገር ስችል ነው። የጆሮ መድፈኛዬን ደግሞ ቤት ረስቼው ሄጄ፣ እሱ እንኳን የራሴ ጥፋት ነው 😅